አመድ የሚወድ ካሜራ

«ልጅቷን ዳር አቁምልኝ። መሃል ከገባች ፎቶውን ታጠቁርብኛለች።»

ይህን ያለችው እህቴ ሒሩት ናት። ልጅቷ የምትላት የልጇን የቢራቱን ሚስት አምለሰትን ነው። የነገረችው ደግሞ ለስምዖን፣ እኔ ለምሠራበት ፎቶ ቤት ባለቤት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ተቀምጬ ጉርድ ፎቶ እየቆረጥኩ ነበር። ሌላ ቀን ሦስት ሰዓት ነው የምገባው፤ የዚያን ቀን ታክሲ ቶሎ አገኘሁና ቀድሜ ገባሁ። ስለዚህ እህቴ መኖሬን አላወቀችም። እኔም መቀሴን አስቀምጬ ዝም አልኩ። የሰው ወሬ ማድመጥ ነውር ነው የሚል ካለ ይበል፤ እኔ ሰማሁ።

ስምዖን መልስ አልቸገረውም። «ግድ የለም እትዬ ሒሩት፣ የትም ትቁም፣ በኮምፒውተር አነጣታለሁ» አላት። «እንዳለፈው እሑድ ነዋ!» አለች እህቴ። «ዱቄት የተነፋባት አስመስለህ አይደል የሰጠኸኝ? ተው፣ ዛሬ እንጦጦ ላይ ሕፃኗን እኔ እይዛለሁ፣ ቢራቱ ከጎኔ ይቆማል፣ እሷ ከሱ ወዲያ ትሁን። ከኋላችን ከተማው ከነፎቁ ይታይልኝ። ሳሎን የሚሰቀል ነው፤ በሸራ ነው የማሳትመው፣ አንድ ሜትር ከሃያ።» ይህን ብላ ወጣች። እሷ ወጥታ ሽቶዋ ቀረ።

ያለፈው እሑድ የአምለሰትና የቢራቱ ልጅ የናዝራዊት ክርስትና ነበር። በሰማንያ ቀኗ፣ ከነጋ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሁላችንም ነጭ በነጭ ለብሰን ቆምን። ስምዖን ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አደረገ። ፎቶው በኮምፒውተር ሲከፈት ልብሳችን ደብዘዝ ብሏል፣ ፊታችን ደግሞ እንደ ጥላ ነው። እኔ እንኳን፣ ቀይ ነሽ እየተባልኩ ያደግኩት፣ ከሰል ከረጢት ውስጥ የከረምኩ መስያለሁ። የአምለሰትን ተዉት። እሷ ጠቆር ያለች ናት፤ ከነጠላዋ በላይ ጥርስና ዓይን ብቻ ነው የሚታየው። ስምዖን ይህን አይቶ ሁላችንንም አነጣን። እኛ ስንነጣ እህቴ እንደ ወረቀት ሆነች፣ አምለሰት ደግሞ ሌላ ሰው ሆነች። አፍንጫዋ ሳይቀር የሷ አይመስልም። ይህንኑ ፎቶ በቴሌግራም ለእናቷ አርባ ምንጭ ላከችላት። እናቷ እግሯን ስለሚያማት ለሠርጉም አልመጣችም፣ ለክርስትናውም አልመጣችም፤ የዚህን ቤት ሰው ሁሉ የምታውቀው በፎቶ ነው። ፎቶውን አየችና ደወለች። «ልጅሽን የያዘችው ማናት? አንቺስ የት ሄድሽ?» አለቻት።

አምለሰት ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። ካራ ሰፈር፣ እህቴ ቤት በረንዳው ላይ፣ የሕፃን ልብስ እያጠፈች። ሳቋ መሃል ላይ ተቋረጠና ልብሱን ማጠፍ ቀጠለች። ውስጥ ሳሎን እህቴ ቴሌቪዥን ታያለች፣ ቢራቱ ስልኩን ያያል። በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይወራም። ሶፋው ሰፊ ነው፣ ምንጣፉ ወፍራም ነው፣ ሰው ሲራመድ እንኳ አይሰማም። ግድግዳው ላይ ለአዲሱ ፎቶ ቦታ ተለክቶ ሚስማሩ ተመቷል። አምለሰት ሚስማሩን በመስኮት አሳየችኝና፣ «እትዬ ሥርጉት፣ ቅዳሜም እንደዚያ ካደረጉኝ አልቆምም። ልጄን ይዤ መኪና ውስጥ እገባለሁ። ስታድግ እናቴ የታለች ብላ እዚያ ላይ ትፈልገኝ?» አለችኝ። እኔ ምን እላለሁ? አይዞሽ አልኳት። አይዞሽ ደግሞ ምንም አይደለም።

እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት እህቴ ስትወጣ እኔ ከመጋረጃው ኋላ ወጣሁ። ስምዖን ደነገጠ። «መቼ ገቡ እትዬ ሥርጉት?» አለኝ። «ቅድም» አልኩትና የሚያንገበግበኝን ጠየቅኩት። እኔ አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ግን ያልገባኝን ነገር አልፌ አልሄድም፣ በዚህ ብዙ ሰው ተቀይሞኛል። «አምለሰትን እኔ ደጅ ላይ ሳያት ቅንድቧ ላይ ያለችው ጭረት ትታየኛለች። ስትስቅ የሚጎደጉደው ጉንጯ ይታየኛል። የኔ ዓይን ያየውን ይሄ ዋጋው አራት የመኪና ጎማ የሚገዛ ካሜራ እንዴት አያየውም?»

«ካሜራው አውቶ ነው» አለኝ። «ብርሃኑን ራሱ ነው የሚመዝነው። እኛ ሰዎች ነን የምንሳሳት፣ እሱ አይሳሳትም። የሷ መልክ ነው እትዬ፣ ምን ይደረግ።» ይህን ብሎ ፉል ሊበላ ወጣ። ቤቱን ለኔ ትቶ ሲወጣ ካሜራው ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ስድስት ዓመት ያንን ካሜራ ጠርጌዋለሁ። አቧራውን በብሩሽ፣ መስታወቱን በለስላሳ ጨርቅ። ቁልፉ የት እንደሆነ አውቃለሁ። ከላይ የምትዞር ጎማ አለችው፤ ዙሪያዋን የፈረንጅ ፊደልና ሥዕል ተጽፎባታል። ፊደሉን አላነበውም፤ ግን ስምዖን ሁልጊዜ አረንጓዴዋ፣ አውቶ የሚላት ላይ እንደሚተዋት አውቃለሁ። አንስቼ ወደ በሩ ብርሃን ወጣሁ። ለጉርድ ፎቶ የምንዘረጋውን ነጭ ጨርቅ ወንበር ላይ ጣል አደረግኩና ጠጋ ብዬ ተጫንኩት። መጀመሪያ ልሙጡ ላይ እምቢ አለኝ። የጨርቁ መተጣጠፊያ ላይ ሳደርገው ቀጭ አለ። ከጀርባው ያለችውን ፎቶ የምታሳይ መስታወት አየሁ። ጨርቁ አመድ ነው። ነጭ አይደለም፣ አመድ። ሳሙና የጎደለው ልብስ። ዞር ብዬ ጨርቁን አየሁት፣ ትናንት በእጄ ያጠብኩት ነው፣ ነጭ ነው።

አሁን ነገሩ ያዘኝ። ጥቁር ፈለግኩ። ከግድግዳው መስታወት አጠገብ ደንበኛ ሁሉ ለጉርድ ፎቶ የሚዋሰው ጥቁር ኮት አለ። ያንን የለበሰ ሰው ብዛቱ! መምህሩም፣ ሾፌሩም፣ ፓስፖርት ሊያወጣ የመጣውም። ኮቱን አወረድኩና ነጩ በነበረበት ወንበር ላይ አድርጌ ተጠግቼ አነሳሁት። አየሁት። አመድ! ያው አመድ! ጣቴን ወዲያና ወዲህ እያደረግኩ ሁለቱን አመላለስኩ፤ ኮቱ የትኛው፣ ጨርቁ የትኛው እንደሆነ በኪሱ ነው የለየሁት። ብቻዬን ሳቅኩ። በስድስት ዓመት ዛሬ ተዋወቅን። ይሄ ካሜራ አመድ ይወዳል። ነጭ ስታሳየው በዛብኝ ብሎ ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ጥቁር ስታሳየው አነሰኝ ብሎ ወደ ላይ ይገፋዋል። እኛ ሁላችን ነጭ በነጭ ሆነን ፊቱ ስንቆም ነጠላውን አየና ጎተተው፤ ፊታችን ከነጠላው ጋር ተጎትቶ ወረደ። አምለሰት ቀድሞውኑ ጠቆር ስለምትል ወርዳ ወርዳ ጠፋች። ጥፋቱ የማን ነው ታዲያ? የሷ ነው?

ከደጅ ጋሽ ዓለሙ ተቀምጠዋል። ፎቶ ቤቱ የሳቸው ነበር፤ ዓይናቸው ሲደክም ለስምዖን ሸጡለት። ቤታቸው ከላይ ከባሕር ዛፉ ሥር ነው፤ ግን ጠዋት ጠዋት በዱላቸው ወርደው ግድግዳው ሥር በርጩማ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ የሚገባውን ደንበኛ በድምፁ ይለያሉ። ሄጄ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩና ስለ ጨርቁና ስለ ኮቱ ነገርኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ስድስት ዓመት ጠርገሽው ዛሬ ጠየቅሽ?»

«ዛሬ ነው ያናደደኝ፣ ጋሼ።»

«እሱ ነጭና ጥቁር አያውቅም። የሚያውቀው መሃሉን ነው። ጨርቅ ይሁን ሰው፣ ሙሽራ ይሁን ሬሳ ማን ነገረው?» ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። «እኔ ነጠላ የለበሰ ሰው ሲመጣ ልብሱን አላይለትም። መዳፉን ነው የማይለት። መዳፍሽን አምጪ። የኔን እዪ። የከሰል ሻጯንም እዪ፣ የሚኒስትሩንም እዪ፤ ጀርባው ይለያያል እንጂ መዳፍ አንድ ነው። ሰውዬው ከሚቆምበት ብርሃን ላይ መዳፉን ታስዘረጊዋለሽ፣ ካሜራውን በመዳፍ ብቻ ትሞዪዋለሽ፣ ከዚያ፣ መዳፍ ከአመድ ነጣ ስለሚል፣ ብርሃን የምትለካዋ መርፌ ከመሃል አንድ ርምጃ ወደ መደመሩ ምልክት እስክትሄድ ትንሿን ጎማ ታዞሪያለሽ። ከዚያ በኋላ እንዳትነኪ! ነጠላ ቢመጣ፣ ኮት ቢመጣ እንዳትነኪ። ፀሐዩ ከተለወጠ ብቻ እንደገና መዳፍ።» ከላይ ያለችው ጎማ በየትኛው ፊደል ላይ ነው የምትደረገው ብዬ ጠየቅኩ። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ተራራዎች የምትመስለው ፊደል ላይ፣ አሉኝ። «እሷ ላይ ስታደርጊው ካሜራው ማሰቡን ይተዋል። የምታስቢው አንቺ ነሽ። ለዚህ ነው የአሁኑ ልጆች የሚፈሯት።»

ስምዖን ሲመለስ ካሜራው ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ኮቱም መስቀያው ላይ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢራቱ በመኪናው መጥቶ ወሰደን። እኔ እንደ አክስትም እንደ ሠራተኛም ነው የሄድኩት፤ የካሜራው ቦርሳ ጭኔ ላይ ነበር። ዳገቱን ስንወጣ ሕፃኗ ታጉተመትማለች። እህቴ ከፊት ወንበር ተቀምጣ በትንሽ መስታወት ፊቷን ታያለች። ስለ ፊቷ አንድ ነገር ልበል፤ እህቴ ስለሆነች አይደበቀኝም። ሁለት ዓመት ሆኗታል፣ የምትቀባው ክሬም አለ። ፊቷ ቀልቷል፤ የእጇ መገጣጠሚያ ግን እንደ ጥንቱ ነው። ፊቷና ጣቶቿ የአንድ ሰው አይመስሉም። አይቼ ዝም ብያለሁ፤ እሷም ማየቴን አይታ ዝም ብላለች።

እንጦጦ ላይ መኪናውን አቁመን ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር፣ ከተማው ቁልቁል ከሚታይበት ሜዳ ቆምን። ቀኑ ጥርት ያለ ነው። የመገናኛ ፎቅ ሳይቀር ይታያል። እህቴ የጥበብ ቀሚሷን አስተካከለችና ሰው መደርደር ጀመረች። «ቢራቱ እዚህ። እታለም አንቺ በዚህ። አምለሰት እ...ንንን... ወዲያ ጠጋ በይ። ሕፃኗን ስጪኝ።» አምለሰት ወዲያ ጠጋ አለች፤ ሕፃኗን ግን አልሰጠችም። «ተኝታለች» አለች። ሕፃኗ ዓይኗን አፍጥጣ ዛፉን ታያለች። ማንም ነቅታለች አላለም።

ስምዖን አምስት ጊዜ አነሳና አየው። አንገቱን አከከ። እህቴ ሄዳ አየችው። እኔም ሄጄ አየሁት። ከተማው ከነፎቁ፣ ከነሰማዩ ቁልጭ ብሏል፤ እኛ ደግሞ ነጠላ የለበሱ ጥላዎች ነን። «አላልኩህም?» አለች እህቴ፣ ቀና ብላ ወደ አምለሰት ሳታይ። ማለቷ ግን ወደዚያው ነው። አምለሰት ሰማች። ሕፃኗን አቀፈችና ወደ መኪናው መራመድ ጀመረች። ቢራቱ ጫማውን ማየት ጀመረ። ይሄ ልጅ ጫማውን ሲያይ ነው ያደገው።

«ቆይ!» አልኩ። ድምፄ ለራሴም በዛብኝ፤ ብስክሌት የሚነዱ ልጆች ዞረው አዩኝ። «አምለሰት፣ ቁሚ አንዴ። ስምዖን፣ ሁለት ተራራ የምትመስለው ላይ አድርጋት።»

«ማኑዋል?» አለ ስምዖን። «እትዬ ሥርጉት፣ እባክዎ እሱን ለኔ ይተዉት።»

«ነጩን ጨርቅ አመድ ያደርገዋል፣ ጥቁሩን ኮት አመድ ያደርገዋል። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ካሜራዬን ነክተዋል?»

«ስድስት ዓመት ነካሁት! ማን የሚጠርገው መስሎህ ነው?»

ቢራቱ ሳቀና ሳቁን ዋጠ። ስምዖን ወደኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ኮርስ ከወሰደ ወዲህ በዚያች ፊደል አንስቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። አራት መቶ ሰው ባለበት ሠርግ ማን መርፌ ሲያይ ይውላል፣ ኬኩ ሲቆረጥ አንዴ ነው፣ አመለጠህ አመለጠህ ነው፣ ባለ ሠርጉ ደግሞ አይምርህም። እውነቱን ነው። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ መሳሳት ነው የሚፈራው። «እዚህ ኬክ የሚቆርጥ የለም» አልኩት። «ቢበላሽ አረንጓዴው የት ይሄዳል? ሒሩት፣ መዳፍሽን አምጪ።»

«መዳፍ ማንበብ ጀመርሽ እንዴ እታለም? ሀብት ይታይሻል?»

«አምጪ ብያለሁ።»

ታላቋ ነኝ፤ አመጣች። ጥላው ውስጥ ዘረጋችው። ስምዖን ተጠግቶ ካሜራውን በመዳፏ ሞላው። አውራ ጣቱ ትንሿን ጎማ ቀስ እያደረገ ያዞራል። «ከመሃል አንድ ወደ መደመሩ» አልኩት። «ማን ነገረዎት?» አለኝ፣ ዓይኑን ከካሜራው ሳይነቅል። ጋሽ ዓለሙ አልኩት፤ አዞረና ቆመ። «እሺ፣ ይሄው» አለ። «አሁን የአምለሰትን» አልኩ። አምለሰት ከመኪናው በኩል ተመለሰች። ሕፃኗን በግራ ክንዷ ይዛ ቀኝ መዳፏን ከእህቴ መዳፍ ጎን ዘረጋች። ስምዖን አየ። ራቅ ብሎ መልሶ አየ።

«ያው ነው» አለ። «አልተንቀሳቀሰችም።»

«ምኑ ነው ያው?» አለች እህቴ።

«መዳፋችሁ። መርፌዋ የእርስዎም ላይ፣ የሷም ላይ አንድ ቦታ ነው የቆመችው።»

ሁላችንም ጎንበስ ብለን ሁለቱን መዳፎች አየናቸው። እውነቱን ነው። ሮዝ መሳይ ነገር፣ መሃላቸው ላይ ቡናማ መስመር ያለው፣ የአንድ ሰው ቀኝና ግራ ይመስላሉ። ቢራቱም የራሱን አምጥቶ ደረበ፤ ያው። ደስ አለኝ፤ የጋሽ ዓለሙ ነገር በዓይኔ ፊት እውነት ሲሆን እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ከዚያ እህቴ እጇን ልትመልስ ገለበጠችው፤ አምለሰትም ያን ጊዜውኑ ገለበጠች። የእጅ ጀርባ ከእጅ ጀርባ ጋር ተያየ። የእህቴ መገጣጠሚያዎች፣ እነዚያ ክሬሙ ያልደረሰባቸው፣ ከአምለሰት ጣቶች ብዙም አይርቁም። እህቴ አየችው። እጇን ወደ ነጠላዋ አስገባች።

በዚያው ቆመን ቀረን። አምለሰት መሃል ላይ ነበረች፤ ለመዳፉ እንደመጣች። ወዲያ ጠጋ በይ ያላት የለም። ስምዖን ወደ ኋላ ሄደ፣ አንድ አነሳ፣ ሦስት አነሳ። ከዚያ መስታወቷን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየ። ሄድን። አምለሰት አለች። ቅንድቧ ላይ ያለችው ጭረት አለች፣ ግንባሯ ላይ ያለው ብርሃን አለ፣ የሕፃኗ ጣት የእናቷን አንገት ይዞ ይታያል። ጥቁር ናት፤ ጥቁር ሆና ነው የምትታየው። ነጠላውም ነጭ ነው። እኔም እኔ ነኝ፣ ከነሽበቴ።

«ከተማው የታለ?» አለች እህቴ። ከኋላችን ከተማው ጠፍቷል። ፎቁም የለ፣ ሰማዩም የለ፤ ነጭ ወረቀት ብቻ።

«ከተማው ፀሐይ ላይ ነው፣ እናንተ ጥላ ላይ ናችሁ» አላት ስምዖን። አሁን ድምፁ ተለውጧል፤ እንደሚያውቅ ሰው ነው የሚናገረው። «ባንድ ላይ ሁለቱን አይዝም። ወይ ከተማው ነው፣ ወይ እናንተ።»

«ከተማውን በመስኮትሽ ታዪዋለሽ» አልኩ እኔ።

«ዝም በይ እታለም። ደግሞ እኔ... እኔ ምን ሆኜ ነው እንዲህ የምታየው? ይሄ ፊት የኔ ነው?» ጣቷን መስታወቷ ላይ አድርጋ ፊቷን ሸፈነችው፤ አነሳችው። እንደ ወረቀት አይደለችም። እናታችንን ነው የመሰለችው፤ ጠይም። ይህን ልላት ብዬ ተውኩት።

አምለሰት ይህን ስንባባል በስልኳ የካሜራውን መስታወት አንስታ ልካው ኖሯል። ስልኩ ጠራ። አንድ እጇ ሕፃን ይዟልና ድምፁን ከፍ አድርጋ ከፈተችው። የአርባ ምንጯ እናት ጩኸት እንጦጦን ሞላው።

«ይቺ ናት ልጄ! አሁን አየሁሽ! ከስተሻል አንቺ፣ ምን እየበላሽ ነው? ሕፃኗስ፣ አፍንጫዋ የኔ ነው፣ የኔ ነው!» አምለሰት እየሳቀች እያለቀሰች፣ «እሺ እማ፣ እሺ» ትላለች። «እኔ የምልሽ፣ ከጎንሽ ያሉት ጠይም ሴትዮ ማን ናቸው? ፊታቸው ደስ ሲል! አማትሽስ ዛሬ አልመጡም እንዴ?»

አምለሰት ስልኩን ልትዘጋ ተጣደፈች፤ ጣቷ ሳተ። ቢራቱ ጫማውን አላየም፤ እናቱን ነው ያየው። እኔም አፌን ያዝኩ። እህቴ ክው አለች። ከዚያ እጇን ከነጠላዋ ውስጥ አወጣችና ስልኩን ከአምለሰት እጅ ተቀበለች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ሒሩት ነኝ። መጥቻለሁ።»

ወዲያኛዋ ሴትዮ «ውይ በሞትኩት!» ብላ መሳቅና ይቅርታ መጠየቅ ጀመረች። እህቴም «ምንም አይደል፣ ምንም አይደል፣ እግርዎን እንዴት አደረገዎት?» እያለች ከዛፉ ሥር ወዲያና ወዲህ ትል ጀመር። ስምዖን የለመደው ሥራ ነውና ተከተላት፤ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ፣ «እትዬ ሒሩት፣ ለሸራው ትንሽ ላንጣው?» አላት።

እህቴ ወሬዋን አላቋረጠችም። ስልኩን በጆሮዋ እንደያዘች ሌላውን እጇን አነሳችና መዳፏን ፊቱ ላይ ዘረጋችለት።